«ዕድሜ ነው» ያላሉት ሐኪም

በለንደን ምዕራብ ዳርቻ፣ አይዝልወርዝ በሚባል ሰፈር፣ ሁለት ተቋማት አጥር ለአጥር ተጎራብተው ነበር። አንዱ ሆስፒታል ነው። ሌላው እንግሊዞች «ወርክሃውስ» ይሉት የነበረው፣ መሄጃ ያጣ ድሃ ተጠልሎ በምላሹ ጉልበቱን የሚገብርበት ማቆያ ነው። በ1935 ሆስፒታሉ የጎረቤቱን ሕሙማን እንዲረከብ ተደረገ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ማሳሰቢያዋ ኋላ ላይ ትፈለጋለች)። ርክክቡ የ714 ሰዎች ነበር። አብዛኞቹ አረጋውያን ናቸው፤ ከመካከላቸው እግራቸው መሬት ከረገጠ ዓመታት ያለፉ ብዙ ነበሩ።

ኃላፊነቱ ገና አርባ ዓመት ባልሞላቸው ሐኪም፣ በማርጀሪ ዋረን ላይ ወደቀ። ዶክተር ዋረን ከአምስት ሴት ልጆች ታላቋ ሆነው ያደጉ፣ በ1923 በሐኪምነት የተመረቁ፣ ከ1926 ጀምሮ እዚያው ሆስፒታል የሠሩና እጃቸው ቀዶ ሕክምናን የለመደ ሰው ናቸው። ስለ እርጅና ለብቻው የተማሩት ነገር አልነበረም። በዘመኑ የሚያስተምርም አልነበረም።

ያደረጉት ነገር ዛሬ ሲነገር ተራ ይመስላል፦ እያንዳንዱን ሰው መረመሩ። ከዚያ በፊት በነዚያ ክፍሎች ሐኪም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል እንጂ ቆሞ አይጠይቅም። ነርሶቹ ጥቂት ናቸው። ሰውየው ለምን እንደተኛ የሚናገር ወረቀት ቢገኝም «ሥር የሰደደ ሕመም» ከማለት አያልፍም። ወጣትና አዛውንት፣ አእምሮው የታወከና ልቡናው የተሟላ፣ ሊሞት የተቃረበና አንድ እግሩ ብቻ እምቢ ያለው በአንድ አዳራሽ ተደባልቀው ይተኛሉ። ዶክተር ዋረን ይህን ክምር መለየት ጀመሩ። ተነስቶ መንቀሳቀስ የሚችለው ለብቻ፤ አልጋ ላይ የዋለ ነገር ግን ሽንቱን የሚቆጣጠር ለብቻ፤ መቆጣጠር ያቃተው ለብቻ፤ ሐሳቡ የተምታታበት ግን ጸጥ ያለ ለብቻ፤ ሌላውን እስከ ማወክ የደረሰ ለብቻ። ከመለየቱ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ሰው አልጋ ላይ ያለው ለምንድን ነው?

ለብዙዎቹ መልሱ የሚያሳፍር ሆነ። አልጋ ላይ ያሉት አልጋ ላይ ስለተደረጉ ነው።

ጉዳዩ ቀልድ አይደለም። የተኛ ሰው ጡንቻው በቀናት ውስጥ መክሳት ይጀምራል። ለረጅም ጊዜ የታጠፈ ጉልበት በታጠፈበት ይደርቃል፤ ከዚያ ወዲያ ቢቃኑትም አይቃናም። ደም ሽቅብ መውጣትን ስለሚረሳ ሰውየው ቀና ሲል ዓይኑ ይጨልማል። ቂጥና ተረከዝ ላይ ያለው ቆዳ በክብደት ተጨፍልቆ ይቆስላል፤ አንጀት ይሰንፋል፤ ሳንባ ሥር አክታ ይጠራቀማል። በ2007 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው በአማካይ 67 የሆነ ጤነኛ ፈቃደኞችን ለ10 ቀን ብቻ አስተኝቶ፣ ከእግራቸው 1 ኪሎ ገደማ ስብ ያልሆነ ሥጋ እንደጠፋ ለክቷል። እነዚህ ጤነኞች ናቸው፤ ለ10 ቀን ነው። በአይዝልወርዝ የነበሩት ታመው ለዓመታት የተኙ ናቸው። ሪቻርድ አሸር የተባሉ ሌላ የለንደን ሐኪም በ1947 የአልጋን አደጋ ከሳንባ እስከ ቆዳ፣ ከአጥንት እስከ መንፈስ ዘርዝረው በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ጻፉ። በፌዝ የተቀመመ ጽሑፍ ስለነበር ዛሬም የሕክምና ተማሪዎች ያነብቡታል። ዶክተር ዋረን ግን አሸር ከመጻፋቸው ከዐሥር ዓመት በላይ ቀድመው ሰዉን ከአልጋ ማውረድ ይዘው ነበር።

ለነገሩ «እርጅናም ሐኪም ያስፈልገዋል» የሚለው ሐሳብ ከሳቸውም ይቀድማል። በፓሪስ ሳልፔትሪየር ሆስፒታል ዣን ማርተን ሻርኮ በ1860ዎቹ ስለ ሽማግሌዎች በሽታ ለተማሪዎቻቸው ተከታታይ ንግግር ሰጥተዋል፤ በግቢው የሚኖሩት አሮጊቶች በሺህ ስለሚቆጠሩ የሚያስተምሩበት አላጡም። ስሙን ያወጡለት ግን ቪየና ተወልደው ኒውዮርክ ያደጉት ኢግናዝ ናሸር ናቸው። ናሸር ገና ተማሪ ሳሉ ከመምህራቸው ጋር የድሆች ቤት ጎብኝተው ነበር ይባላል። አንዲት አሮጊት ሕመማቸውን ለመናገር ተከተሏቸው። ናሸር ሴትየዋ ምን ሆነው እንደሆነ ሲጠይቁ መምህሩ «እርጅና ነው» አሉ። ምን ይደረግላቸው? ምንም። ይህች «ምንም» ሳትዋጥላቸው ቀረች። ሕፃን ትንሽ ትልቅ ሰው እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሽማግሌም የታመመ ጎልማሳ አይደለም፤ የራሱ አካል፣ የራሱ በሽታ አለው ብለው በ1909 በኒውዮርክ የሕክምና መጽሔት ላይ ጻፉ። ከግሪክኛው «ጌራስ» (እርጅና) እና «ያትሮስ» (ሐኪም) ገጣጥመውም «ጀሪያትሪክስ» አሉት። በ1914 መጽሐፋቸው ወጣ። መግቢያውን የጻፉላቸው በአሜሪካ የሕፃናት ሕክምናን ያቋቋሙት አብርሃም ጃኮቢ ናቸው፤ ምርጫው የዋዛ አልነበረም።

በዚያው በ1909፣ በጥር ወር፣ የብሪታንያ መንግሥት 70 ዓመት ለሞላቸው ድሆች በሳምንት እስከ 5 ሺሊንግ መክፈል ጀመረ። እኛ «ጡረታ» የምንለው ነው። አማርኛው ቃሉን ያወጣው «መጦር» ከሚለው፣ ልጅ ለወላጁ ከሚያደርገው ነገር መሆኑ ልብ ይባል፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ የሚመረቀውም ለዚሁ ነው። በአይዝልወርዝ የተገኙት ሰዎች እንግዲህ ጧሪ ያጡ ናቸው፤ ቀባሪ ግን ተመድቦላቸዋል ማለት ይቻላል።

ዶክተር ዋረን በክፍሎቹ ግድግዳ ጀመሩ። ጨለማውን ቀለም በብሩህ አስለወጡ፣ መብራት አስጨመሩ። አልጋዎቹ ሰው እግሩን አውርዶ ወለሉን የሚነካባቸው እንዲሆኑ ፈለጉ። ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸውን መቀመጥ፣ ከዚያ መቆም፣ ከዚያ በምርኩዝ መራመድ አስተማሩ። እግራቸው የተቆረጠባቸውንም እንዲሁ። ይህን ሁሉ ብቻቸውን አልሠሩትም። ነርሷ፣ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያዋ፣ የቤተሰቡን ሁኔታ የምታጣራው ማኅበራዊ ሠራተኛ በአንድ ሰው ጉዳይ አብረው እንዲመክሩ አደረጉ። ዛሬ በየአረጋውያን ክፍሉ በሳምንት አንዴ ክብ ሠርቶ የሚቀመጠው ጉባኤ መነሻው ይኸው ነው። መድኃኒቱ ጥቂት፣ ንግግሩ ብዙ።

ውጤቱ በአልጋ ተቆጠረ። የክፍሉ አልጋዎች ወደ 240 ወረዱ፤ በየአልጋው የሚፈራረቀው ታካሚ ደግሞ ሦስት እጥፍ ሆነ። የተረፈው አልጋ ለሳንባ ሕሙማን ተሰጠ። የእርጅና ሕክምና ጆሮ ያገኘው በርኅራኄ ብቻ አልነበረም። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ሆስፒታሎች ለቦምብ ቁስለኞች አልጋ ይፈልጉ ነበር፤ «ሥር የሰደደ» የተባለው ታካሚ ደግሞ አልጋ ይዞ የማይለቅ ሆኖ ታየ። ዶክተር ዋረን በ1943 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት፣ በ1946 በላንሴት ሲጽፉ ይህን ስሌት ያውቁታል። ለባለሥልጣን አልጋ እንደሚተርፍ ያሳያሉ፤ ለሐኪም ደግሞ የሚድን ሰው እየተጣለ መሆኑን። ጥያቄያቸው ግልጽ ነበር፦ የአረጋውያን ሕክምና ራሱን የቻለ ሙያ ይሁን፤ ክፍሉ ከከተማ ዳር ሳይሆን ከጠቅላላ ሆስፒታል ውስጥ ይቋቋም፤ የሕክምና ተማሪም እዚያ ገብቶ ይማር።

ሦስተኛው ጥያቄ ነው ረጅም ጊዜ የወሰደው።

በዙሪያቸው ሌሎችም ተነሱ። በኤሴክስ ኦርሴት በነበረ ተመሳሳይ ማቆያ ላየነል ኮሲን የተባሉ ቀዶ ሐኪም የዳሌ አጥንት የተሰበረባቸውን አሮጊቶች ቀድደው ማስተካከልና በፍጥነት ማስነሳት ጀመሩ፤ ኋላም በኦክስፎርድ ታካሚው ጧት መጥቶ ማታ ቤቱ የሚገባበትን የቀን ሆስፒታል አቋቋሙ። በደቡብ ለንደን ኤሪክ ብሩክ የተራ ዝርዝራቸው ሲረዝምባቸው ስም የተጻፈባቸውን ሰዎች እየዞሩ ቤታቸው ድረስ ጎበኙ፤ ሆስፒታል ሳይገቡ የሚረዱ ብዙ ሆነው ተገኙ። በ1947 በትሬቨር ሃዌል አነሳሽነት ጥቂት ሐኪሞች ማኅበር መሠረቱ፤ በ1959 የብሪታንያ የጀሪያትሪክስ ማኅበር ተባለ።

ከሁሉ ግን ጆሴፍ ሼልደን ይለያሉ። ሼልደን ዎልቨርሃምፕተን በምትባል የፋብሪካ ከተማ የሚሠሩ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነበሩ። ሆስፒታል የሚመጣውን ሽማግሌ ያውቁታል፤ የማይመጣውን ማን ያውቃል? ጦርነቱ ሰው ሁሉ ምግቡን በራሽን ደብተር እንዲቀበል ስላደረገ የከተማው ነዋሪ ስምና አድራሻ በዝርዝር ተመዝግቧል። ሼልደን ከዚያ መዝገብ ላይ በዕጣ መሰል መንገድ መርጠው ከ400 በላይ አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ጎበኙ። በ1948 ያሳተሙት መጽሐፍ ሆስፒታል ተቀምጦ የማይታየውን ዓለም ገለጠ። አብዛኛው አረጋዊ ቤቱ ነው፤ የያዘውም ቤተሰብ ነው፤ ከቤተሰብም ደግሞ ሸክሙ የወደቀው በሴት ልጅ ላይ ነው። ራሷም እየደከመች። ቁጥር ውስጥ የገባችው ያኔ መሆኑ ካልሆነ በቀር ይህቺን ሴት ልጅ የማያውቅ የአማርኛ አንባቢ ያለ አይመስልም።

እኒሁ ሰው በ1960 ስለ መውደቅ ጻፉ። 202 ሰዎች የወደቁትን 500 ጊዜ አንድ በአንድ መረመሩ፤ የት፣ ስንት ሰዓት፣ ምን ሲያደርጉ። ደረጃ ላይ፣ መብራት በሌለበት፣ የመጨረሻዋ መርገጫ አልቃለች ብለው ሲራመዱ። ሌላ ሐኪም ስብራቱን አይቶ የሚያልፈውን እርሳቸው ከስብራቱ በፊት ያለችውን ቅጽበት ያዟት። የዛሬ የአረጋውያን ሐኪም የወደቀ ሰው ሲመጣለት አጥንቱን ብቻ ሳይሆን መነጽሩን፣ ጫማውን፣ የደም ግፊት መድኃኒቱን፣ የቤቱን ምንጣፍ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

በሐምሌ 1948 የብሪታንያ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲጀመር የድሆች ማቆያዎቹ የሕሙማን አልጋዎች ወደ መንግሥት ገቡ፤ ለአረጋውያን ሐኪሞችም መደብ ተከፈተ። መደቡ ተከፈተ እንጂ የሚፈልገው አልነበረም። ስመ ጥር የትምህርት ሆስፒታሎች ተመራቂዎች ወደ ልብና ወደ ነርቭ ሲሮጡ፣ ጀሪያትሪክስ ሕንፃው ያረጀ፣ ክብሩ ያነሰ ሙያ ተብሎ ቀረ። ክፍተቱን የሞሉት ከሕንድ ክፍለ አህጉር የመጡ ሐኪሞች ናቸው። ብዙዎቹ ለሌላ ሙያ ተዘጋጅተው የመጡ፣ በሌላው በር ሲዘጋባቸው ይህኛው ክፍት ሆኖ ያገኙት ናቸው። ኋላ ግን አገልግሎቱን በየአውራጃው ያቆሙት፣ ክፍሉን ከምንም አንስተው የገነቡት እነርሱው ሆኑ። የእንግሊዝ ሽማግሌ እንዲነሳና እንዲራመድ ያደረገው እጅ ብዙ ጊዜ ከካልካታ ወይም ከላሆር የመጣ እንደነበር ሲነገር የሚሰማው ጥቂት ነው።

ዶክተር ዋረን የዚህን ሁሉ መጨረሻ አላዩም። በ1960 ወደ ጀርመን ለስብሰባ ሲጓዙ በፈረንሳይ የመኪና አደጋ ደርሶባቸው አረፉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዶሪን ኖርተን የተባሉ ነርስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ስለ አረጋውያን ነርሲንግ ያጠኑትን አሳተሙ። በዘመኑ ነርሶች የተኛ ሰው እንዳይቆስል ቆዳውን በየዓይነቱ ቅባት ያሹ ነበር፤ ጥናቱ የሚጠቅመው ቅባቱ ሳይሆን ሰውየውን ማገላበጥ መሆኑን አሳየ። አምስት ነገሮችን (አካላዊ ሁኔታ፣ የአእምሮ ንቃት፣ ከአልጋ መውረድ፣ ሰውነትን ማንቀሳቀስ፣ ሽንትና ሰገራን መቆጣጠር) እያንዳንዳቸውን ከ1 እስከ 4 የሚመዝን ሰንጠረዥም ሠሩ። ድምሩ 14 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቁስል ይጠበቃል። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ከነርስ መምጣቱ አይገርምም፤ ቁስሉን የምታጥበው እርሷ ናት።

የትምህርቱ ጉዳይ የተፈታው በስኮትላንድ ነው። የግላስጎ ዩኒቨርሲቲ በ1965 በዓለም የመጀመሪያውን የጀሪያትሪክስ ፕሮፌሰርነት ሲያቋቁም የተሾሙት ፈርጉሰን አንደርሰን፣ ከዚያ ቀደም ሲል በ1950ዎቹ በራዘርግለን ጤና ጣቢያ አረጋውያንን ሳይታመሙ በፊት መመርመር የጀመሩ ሰው ናቸው። በዚያችው ከተማ የሠሩት በርናርድ አይዛክስ የሙያውን ሥራ በአራት «ግዙፎች» ጠቀለሉት፦ አለመንቀሳቀስ፣ መውደቅ፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ የአእምሮ መድከም። አራቱም የበሽታ ስም አይደሉም። ብዙ በሽታ ተደራርቦ የሚወጣባቸው በሮች ናቸው። ወጣት ሳንባው ሲታመም ያስላል፤ የሰማንያ አምስት ዓመት ሰው ሳንባው ሲታመም ሳይስል ሊወድቅ፣ ወይም ልጁን በሌላ ስም ሊጠራ ይችላል። ተማሪ ይህን ካልተማረ «ዕድሜ ነው» ብሎ ይመልሰዋል።

አይዛክስ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1972 ያሳተሙት የግላስጎ ጥናት አንድ ሌላ ሐሜት አፈረሰ። ዘመናዊ ቤተሰብ ሽማግሌውን ሆስፒታል ጥሎ ይሄዳል ይባል ነበር። ጥናቱ ያገኘው ከተጣሉት ይልቅ፣ ልጆቻቸው አቅማቸው እስኪሟጠጥ ይዘዋቸው የቆዩትን ነው።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ማስረጃ ይጠይቃል። ቡድን ተሰብስቦ መምከሩ፣ ሰውን ማስነሳቱ እውነት ይጠቅማል? በሎስ አንጀለስ ሴፑልቬዳ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ሎረንስ ሩበንስታይን የተባሉ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው 123 አረጋውያንን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። ግማሾቹ ልዩ የአረጋውያን ክፍል ገቡ፤ ግማሾቹ የተለመደውን ሕክምና አገኙ። በ1984 ያሳተሙት ውጤት እንደሚለው በአንድ ዓመት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 23.8 በመቶ ሲሞቱ ከሁለተኞቹ 48.3 በመቶ ሞተዋል። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ፋብሪካዎች ይሻሙበት ነበር። በኋላ የተሠሩት ብዙ ሙከራዎች እንዲህ ያለ ግዙፍ ልዩነት አላሳዩም። በ2017 29 ሙከራዎችንና 13,766 ሰዎችን ያጠቃለለ ግምገማ ሞትን በመቀነስ ረገድ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘም፤ ሰዎቹ በሕይወት ኖረው በገዛ ቤታቸው የመገኘታቸው ዕድል ግን ከፍ ብሏል። ለብዙ አረጋውያን የሚፈለገውም ይኸው ቤት ነው።

ከጥናቶቹ መካከል ሁለቱ ዶክተር ዋረን ኖረው ቢያዩአቸው ያስደስቷቸው ነበር። በ1990 ቦስተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን ተቋም የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 ገደማ የሆነ 10 ሰዎች ለ8 ሳምንት ክብደት እንዲያነሱ ተደረገ። የጨረሱት 9 ሰዎች የእግር ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ አደገ፤ ሁለቱ ምርኩዛቸውን ጣሉ። በ1999 ደግሞ ሻረን ኢኖዬ የመሯቸው የየል ተመራማሪዎች ሆስፒታል የገቡ አረጋውያን ድንገት እንዳይቃዡ ማድረግ ይቻል እንደሆነ በ852 ሰዎች ላይ ሞከሩ። ዘዴው፦ መነጽራቸውን ስጧቸው፤ ማዳመጫቸውን ጆሯቸው ላይ አድርጉላቸው፤ ውሃ አጠጧቸው፤ አራምዷቸው፤ ማታ በእንቅልፍ ኪኒን ፈንታ ሞቅ ያለ መጠጥ ስጧቸውና ጀርባቸውን እሹላቸው። መቃዠት ከ15 በመቶ ወደ 9.9 በመቶ ወረደ። ማንኛዋም አስታማሚ ይህን ለማወቅ የየል ዩኒቨርሲቲ አያስፈልጋትም ነበር። ሆስፒታሉ ግን ያስፈልገዋል፤ ቁጥር ካልሆነ አይሰማምና።

ቁጥርም ግን የሚስትበት ቦታ አለ። በ1975 ማርሻል ፎልስታይንና ባልደረቦቻቸው ባወጡት፣ ከ30 በሚታረመው አጭር የአእምሮ ፈተና፣ ሐኪሙ የሚጀምረው ዓመቱን፣ ወቅቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን በመጠየቅ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ ይህ ጥያቄ ለአንዲት ኢትዮጵያዊት አያት ሲቀርብ ምን እንደሚፈጠር ማሰብ አይከብድም። ዓመቱ በ7 ወይም በ8 ይለያል፤ ወሩም ቀኑም አይገጥምም፤ ክረምት የሚሉት የፈረንጆቹን በጋ ነው። ልቡናቸው ሙሉ ሆኖ ሳለ አራት ነጥብ ሄደ። ቀለም ካልቆጠሩ ደግሞ ዓረፍተ ነገር ጻፉ ሲባሉ፣ ባለ አምስት ማዕዘን ሥዕል ገልብጡ ሲባሉ ሌላም ይሄዳል። ፈተናው ትምህርት ላልተማረ ሰው እንደሚከብድ ተመራማሪዎች ራሳቸው ደጋግመው አሳይተዋል። ዕድሜያቸው ራሱ ብዙ ጊዜ የስደት ወረቀት ሲሞላ በግምት የተጻፈ ነው፤ እርሳቸውን ቢጠይቋቸው የሚነግሩዎት በማን ዘመን እንደተወለዱና የትኛውን ክፉ ቀን እንዳዩ ነው።

ሥራውን የሚያውቅ የአረጋውያን ሐኪም ወረቀቱን ወደ ጎን አድርጎ ወደ ልጅየዋ ይዞራል። እናትሽ ዘንድሮ ምን ምን ማድረግ ትተዋል? ገንዘባቸውን ራሳቸው ይቆጥራሉ? መድኃኒታቸውን ማን ያስታውሳቸዋል? ልብሳቸውን ራሳቸው ይለብሳሉ? ቡና የሚያፈሉት አሁንም እርሳቸው ናቸው ወይስ ጀበናውን ለሌላ ሰጥተዋል? ከሰጡስ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው፤ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ነው፣ ዓይናቸው እየደከመ ነው፣ ወይስ ሦስተኛውን መቅዳታቸውን ረስተው እንደገና ወደ አቦሉ ሲመለሱ አይታችኋል?